«ወደቅኩ» ያለውን የመታው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት እንደ ሰው አፍ አውጥተው በሚነጋገሩበት ዘመን፣ ከትልቁ ዋርካ በታች ባለው መስክ ላይ የገና ጨዋታ ተይዞ ነበር። መስኩ የአያ አንበሶ ነው። አያ አንበሶም ሕግ አውጥተውለታል። «ከመስኩ ውጪ እንደየባሕርያችሁ ኑሩ፤ እዚህ ሣር ላይ ግን ማንም ማንንም አይበላም!» ብለው ካገሡ ወዲህ ሕጉን የደፈረ አልነበረም። ስለዚህ የገና ሰሞን ሲደርስ ጅቡም፣ ቀበሮዋም፣ ሚዳቋዋም፣ ዝንጀሮውም ልጆቻቸውን ወደ መስኩ ይልካሉ። ልጆቹ በላይ ሰፈርና በታች ሰፈር ተከፍለው፣ ጫፉ ቆልመም ያለ የገና ዱላቸውን ይዘው፣ ሩሯን ሲያሳድዱ ይውላሉ። ሩር ማለት ከወይራ ሥር ተጠርባ የተድቦለቦለች ኳስ ናት፤ እንደ ድንጋይ ትከብዳለች። እሷን ከባላጋራው መስመር ያሳለፈ ቡድን አሸነፈ ይባላል።

አህዮች ብቻ ልጆቻቸውን አይልኩም ነበር። «የአንበሳ ሕግ መልካም ነው፤ የጅብ ጥርስ ግን ጆሮ የለውም» ይላሉ። በዚያ ዓመት ግን የእመት አህይት አንድ ልጅ እናቱን አላስቀምጥ አላስተኛ አላቸው። ሲሮጥ ኮቴው ዱብ ዱብ ስለሚል ስሙን ዱብዱብ ብለውታል።

«እማዬ፣ የአገሩ ልጅ ሁሉ ይጫወታል! እኔ ብቻ ቁጥቋጦ ሥር ተደብቄ የማየው እስከ መቼ ነው?»

«ልጄ፣ ጅብ አለ እኮ!»

«ጅቡም ልጅ ነው። ሕጉም አለ። ደግሞ አያ አንበሶ ራሳቸው ቁጭ ብለው ያያሉ፤ ይዳኛሉ።»

እመት አህይት በመጨረሻ፣ «እንግዲህ አያ አንበሶ ካሉ... ሂድ። እኔም ውሃዬን ጠጥቼ እመጣለሁ» አሉት።

በላይ ሰፈር ቡድን ውስጥ ደግሞ ቆርጥም የሚሉት የጅብ ጎረምሳ ነበር። ክንዱ ብርቱ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ሐሳቡ ግን ጠባብ ነው፤ አንድ ነገር ከገባበት ለሌላው ቦታ አይተርፈውም። ያን ዕለት የገባበት ነገር ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የጎሽ ታፋ ነው፤ የሰባ፣ ጮማው እንደ ቅቤ ነጭ የሆነ። አያ አንበሶ ለአሸናፊው ቡድን ያዘጋጁት ሽልማት ነበር። ቆርጥም ከጠዋት ጀምሮ ምራቁን ሲውጥ ነበር የዋለው።

ዱብዱብ ዱላውን በጥርሱ ነክሶ ወደ ሜዳው ሲገባ ሁሉም ዞር አለ።

«ያ ማነው?» አለ ቆርጥም።

«የእመት አህይት ልጅ ነው፤ ለታች ሰፈር ሊጫወት ነው» አለች ብልጢት። ብልጢት የቀበሮ ልጅና የላይ ሰፈር አለቃ ናት። እሷ ስትናገር ሌላው ይስቃል፤ እሷ ራሷ ግን አትስቅም።

«አህያ ይጫወታል እንዴ?» አለ ቆርጥም ተገርሞ።

«ዛሬማ ይጫወታል። እናያለን» አለች።

ጨዋታው ተጀመረ። ስድቡም አብሮ ተጀመረ።

«አህያ! ጭነትህን የት ጣልከው?»

«ጆሮህን ጠቅልለው እንጂ፣ ፀሐዩን ጋረደብን!»

«ዞር በል፣ የዱላ ዘር!»

ዱብዱብ መጀመሪያ ላይ አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ እያነሰ፣ ጆሮዎቹ እየወረዱ ሄዱ። አያ አንበሶ ዋርካው ሥር ተጋድመው፣ «የዱላ ዘር! አይ የዘንድሮ ልጆች!» እያሉ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጌታው ሲስቅ ማን ዝም ይላል? ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ቆርጥምም ምኑ እንደሚያስቅ ሳይገባው ሳቀ።

ዱብዱብ ግን እግሩ አልተሰደበም። ሩሯን ከሚዳቋዋ ፊት፣ ከዝንጀሮው እጅ ሥር እየነጠቀ ይዟት ይበራል። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ! አቧራው ሳይወርድ እሱ መስመሩ ጋ ነው። የታች ሰፈር ልጆች በደስታ ጮኹ። የላይ ሰፈር ልጆች ተናደዱ፤ ዱላቸውም ከሣሩ ላይ እየተነሣ መጣ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት አካባቢ፣ ቀጥሎ ጉልበት አካባቢ። የዝንጀሮው ልጅ የዱብዱብን ቅልጥም አንድ ጊዜ ቢለው ውርንጭላው እያነከሰ ወደ ዋርካው ሄደ።

«አያ አንበሶ! ዱላ ከጉልበት በላይ እየተነሣብኝ ነው!»

አያ አንበሶ ተንጠራሩና አዛጉ። «ጨዋታ ነው ልጄ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማህም? ሂድ፣ ተጫወት።»

ዱብዱብ ትንሽ ቆሞ ሌላ ቃል ጠበቀ። ሌላ ቃል የለም። ተመለሰ።

ብልጢት ይህን ሁሉ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ስትሰማ ነበር። ቀስ ብላ ወደ ቆርጥም ጠጋ አለች።

«ቆርጥም፣ ታፋው ይታይሃል?»

«እንዴት አይታየኝም!»

«አይ ወንድሜ፣ አትቀምሰውም እኮ። ያ ውርንጭላ እንዲህ እስከሮጠ ድረስ ለታች ሰፈር ነው።»

የቆርጥም ሆድ ጮኸ። «እና ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንተ ሩሯን ምታ። የትም ትሁን የት፣ ከማንም ሥር ትሁን፣ ምታት። ጌታው እንደሆኑ አይቆጡም፤ አሁን በጆሮህ ሰምተሃል።»

«የትም ትሁን የት» አለ ቆርጥም፣ እንዳይረሳው።

«ጎበዝ!» አለችና ዘወር አለች።

ብዙም አልቆየ። ዱብዱብ ሩሯን ይዞ በሜዳው መሀል ሲያቋርጥ ያ የተመታው እግሩ ከዳው። በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ፊቱ ከሣሩ ጋር ገጠመ። ሩሯ ተንከባልላ አገጩ ሥር ቆመች።

«ቆዩ! ወደቅኩ!» ብሎ ጮኸ። «ወደቅኩ እኮ!»

የዝንጀሮው ልጅ ቆመ። ሚዳቋዋም ቆመች። ቆርጥም ግን አልቆመም። በአንድ ዓይኑ ታፋውን፣ በአንድ ዓይኑ ሩሯን እያየ መጣ፤ ዱላውን ከትከሻው በላይ አነሣና ባለ በሌለ ኃይሉ አሳረፈው።

ሩር ስትመታ «ቋ» ትላለች። ያኔ የተሰማው ድምፅ «ቋ» አልነበረም።

መስኩ ጭጭ አለ።   ቆርጥም ዱላውን እንደያዘ ወደ ታች አየ። ሩሯ ያው ከነበረችበት ናት። ንቅንቅ አላለችም። ከጎኗ ዱብዱብ በጎኑ ወድቋል፤ በግራ ፊቱ ላይ ደም ይወርዳል፤ ዓይኑ የነበረበት ቦታ አይታይም።

ቆርጥም ክው አለ። ዱላው ከእጁ ሲወድቅ አልተሰማውም። «እኔ... ሩሯን...» አለ። ሩሯን አየ። ውርንጭላውን አየ። መልሶ ሩሯን አየ። «ሩሯን ነበር እኮ...»

ብልጢት ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ አለች። «እኔ የለሁበትም!» አለች ማንም ሳይጠይቃት።

ያኔ ነፋሱ ዞረና የደሙ ሽታ የቆርጥምን አፍንጫ ሞላው።

ምራቁ መጣ። ሳይጠራው መጣ። አፉ ሞልቶ በከንፈሩ ጥግ ተንጠባጠበ። ቆርጥምን በሕይወቱ ብዙ ነገር አስደንግጦት ያውቃል፤ ነጎድጓድ፣ የሰደድ እሳት፣ የአያ አንበሶ ግሣት። የዚያን ዕለት ግን የገዛ ራሱ አፍ ከሁሉ ይበልጥ አስደነገጠው። ዱብዱብ በቀረችው ዓይኑ ሽቅብ አየው። የሚንጠባጠበውን ምራቅ አየ።

«ቆርጥም» አለ በቀጭን ድምፅ። «ልትበላኝ ነው?»

ቆርጥም ጎንበስ አለና በሁለት እጁ አፈር ዘገነ፤ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀው። እንደገና ዘገነ፤ እንደገና ጠቀጠቀ። ምላሱ ደረቀ፤ ጥርሱ ጠጠር ነከሰ፤ ዓይኑ አለቀሰ። አፉ መሙላቱን ሲያውቅ ውርንጭላውን አቅፎ አነሣና ትከሻው ላይ አስተኛው። ከዚያ ሮጠ።

አያ አንበሶ ከተጋደሙበት ብድግ ብለው፣ «ምን... ማን ነው... ምንድን ነው ይሄ?» ይሉ ነበር፤ ያ የሚታወቀው ግሣት ጉሮሯቸው ውስጥ ቀርቶ። ከበስተኋላቸው አንዱ፣ «ጅቡ አህያውን ይዞት ሄደ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው፣ «ሕጉ ፈረሰ! ልጆቻችሁን ያዙ!» አለ። ከዳር ሆነው ያዩ የነበሩ እናቶች ልጆቻቸውን እየነጠቁ ወደ ጫካው ተበተኑ። ጥንቸል በሚዳቋ እግር ሥር፣ ጅግራ በዝንጀሮ ራስ ላይ፣ ማን ከማን እንደሚሸሽ እንኳ አልታወቀም። ቀሪዎቹ ዱላቸውን እንደያዙ ቆርጥምን ተከትለው ሮጡ።

ቆርጥም ወደ ኋላው አላየም። ከወንዙ ማዶ፣ ከቋጥኙ ሥር፣ ሥር ምሰው ቅጠል ቀምመው የሚያክሙ አባ ጃርት የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው እሳቸው ብቻ ነበሩ። አህያ ሸክም ሲሸከም እንጂ ራሱ ሸክም ሆኖ፣ ያውም በጅብ ትከሻ ላይ፣ ሲሄድ ያየ ፍጥረት የለም፤ በመንገዱ ያጋጠመው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ከወንዙ መሻገሪያ ላይ እመት አህይትን አገኛቸው።

ውሃ ጠጥተው፣ የልጃቸውን ጨዋታ ሊያዩ ሲጣደፉ ነበር። መጀመሪያ ያዩት ጅብ ነው። ቀጥሎ ያዩት ደም ነው። ከዚያ በኋላ የልጃቸውን ኮቴ አዩ፤ በጅቡ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ።    ዞር አሉና በኋላ እግራቸው የቆርጥምን አገጭ መቱት።

ቆርጥም በጀርባው ሊወድቅ ሲል ውርንጭላው ከሥሩ እንዳይሆን ተጣመመና በጎኑ ወደቀ። ልጁን ግን አልለቀቀም። አፈሩ ከአፉ ተረጨ፤ አንድ ጥርስም አብሮ ወጣ። እመት አህይት ለሁለተኛው ምት እግራቸውን አነሡ።

«ይምቱኝ!» አለ ቆርጥም፣ አፈርና ደም እየተፋ። «ይምቱኝ እመት አህይት፣ ይግደሉኝም። ግን አባ ጃርት ዘንድ ከደረስን በኋላ ይሁን። ደሙ እየፈሰሰ ነው!»

የእመት አህይት እግር አየር ላይ ቀረ።

«እማዬ» አለ ዱብዱብ። «አልበላኝም። መታኝ እንጂ አልበላኝም።»

እናቲቱ እግራቸውን አወረዱ። ዓለም ተገልብጣባቸዋለች። «ተነሥ» አሉት ጅቡን በሻከረ ድምፅ። «ሩጥ!»

አብረው ሮጡ።

አባ ጃርት በራቸው ላይ ጅብ፣ አህያና ውርንጭላ አንድ ላይ ሲያዩ እሾሃቸው ሁሉ ቆመ። ነገር ግን ሐኪም ናቸውና ማን ማንን ምን እንዳደረገ አልጠየቁም። «ልጁን እዚህ አስተኙት። አንቺ ራሱን ያዢ። አንተ ውጣ!» አሉ። ቆርጥም ወጣ። ከደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ሥር ተኮማተረ። ከውስጥ የውርንጭላው ሲቃ፣ የእናቱ «አይዞህ፣ አይዞህ» እና የአባ ጃርት ማጉረምረም ይሰማል። አሳዳጆቹም ደረሱ፤ ከፊታቸው አያ አንበሶ አሉ። ቆርጥምን ሲያዩት ሊዘሉበት አጎነበሱ። ያኔ የአባ ጃርት ድምፅ ከውስጥ፣ «ጸጥታ!» አለ። የአራዊት ንጉሥ እንኳ ቁጭ አሉ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል አባ ጃርት ብቅ አሉ።

«ነፍሱ ተርፋለች» አሉ። «ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ደሙ ያልቅ ነበር። የግራ ዓይኑ ግን የለም።»

«የለም ማለት?» አሉ አያ አንበሶ።

«የለም ማለት የለም ነው። ዓይን እንደ ጥፍር አይበቅል።»

ዝንጀሮው ራሱን ያዘ። ሚዳቋዋ ፊቷን ወደ ቋጥኙ አዞረች። ቆርጥም «የለም» የሚለው ቃል ቀስ እያለ ገባው፤ ለእሱ ሁሉም ነገር ቀስ እያለ ነው የሚገባው፤ ሲገባው ግን አጥንቱ ድረስ ነበር።

አያ አንበሶ ተነሡ። «ይህን ያደረገ ማነው?»

ብልጢት ከኋላ ተስባ መጣች፤ ድምፅዋን አለሳልሳ፣ «ጌታዬ፣ የዚህ ጅል ነገር ነው እንጂ ክፋት የለበትም። ሩሯን ሊመታ ብሎ ሳያየው ነው የመታው። ደግሞ እርስዎም እንዳሉት፣ በገና ጨዋታ...» አለች።

«አይደለም» አለ ቆርጥም።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። የተመታ አገጩ አብጧል።

«አይቼዋለሁ» አለ። «ወደቅኩ ሲልም ሰምቻለሁ።»

ብልጢት አፏ ተከፍቶ ቀረ። ያዳነችው መስሏት ነበር። ማን ነው የተሰጠውን ማምለጫ በገዛ እጁ የሚዘጋ?

«ሰማኸው?» አሉ አያ አንበሶ ጆሮአቸውን ማመን አቅቷቸው።

«ሰማሁት። ጮክ ብሎ ነው ያለው። ግን ታፋውን እያየሁ ነበር። ደግሞ አህያ ነው አልኩ። ሲሰደብ ሁሉም ሲስቅ ነበር፤ እና ቢመታም... ቢመታም የሚስቁ መስሎኝ ነበር።»

ከተሰበሰቡት እያንዳንዱ ከጠዋት ጀምሮ የሳቀውን ሳቅ አስታወሰ። የዝንጀሮው ልጅ ዱላውን ከጀርባው ሸሸገ።

እመት አህይት ከበሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ነበር። ፊታቸው በልጃቸው ደም ተበክሏል። ቆርጥምን አለፉት፤ ብልጢትን አለፏት፤ ከአያ አንበሶ ፊት መጥተው ቆሙ። አህያ ከአንበሳ ፊት እንዲያ ቀጥ ብላ ስትቆም የታየችው ያን ቀን ነው።

«አያ አንበሶ፣ ልጄ ውስጥ ሆኖ ሁሉን ነግሮኛል፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጄ ዱላ ከጉልበቴ በላይ ተነሣብኝ ብሎ ለማን ነበር የነገረው?»

አያ አንበሶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ልጄን የላክሁት ለጅብ አይደለም። ለቀበሮም አይደለም። የላክሁት ለእርስዎ ነው። 'አያ አንበሶ ቁጭ ብለው ያያሉ' አለኝ። እውነትም ቁጭ ብለው አይተዋል!»

 ብዙዎቹ አሁን አያ አንበሶ ያገሣሉ ብለው ጆሮአቸውን ይዘው ነበር። አላገሡም። ያ ግዙፍ ራሳቸው ቀስ ብሎ ወረደ፤ ጎፈራቸው መሬቱን ነካ። ንጉሥ ሲያፍር ማየት ራሱ ያስደነግጣል፤ ልጆቹ እያዩ እንዳላዩ ሆኑ።

«ማንም ማንንም አይበላም አልኩ» አሉ በመጨረሻ። «ሕግ ያወጣሁ መስሎኝ ነበር። ያልተበላ ሁሉ ደኅና የሆነ መስሎኝ! ልጁ መጥቶ ነገረኝ፤ እኔ አዛጋሁ። እመት አህይት፣ ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል።» ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ከእንግዲህ ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሣም። 'ወደቅኩ' ያለ ሲኖር ሩሯ መስመሩ ላይ ብትሆን እንኳ ሁሉም ይቆማል። ማንም በዘሩ፣ በጆሮው፣ በጭነቱ አይሰደብም። ልጅ 'ጎዱኝ' ብሎ ሲመጣ የሚያዛጋ ዳኛ ካለ ደግሞ፣ እኔም ብሆን፣ ከዋርካው ሥር ይነሣ። ብልጢት፣ አንቺ ዘንድሮ ዱላ አትይዢም።»

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለች ብልጢት። «በእጄ አልነካሁት!»

«በእጅሽ አልነካሽውም። በእሱ እጅ ነው የነካሽው» አሉ አያ አንበሶ። 

ታፋውን ማንም አልበላውም። ቆርጥምም ስለ እሱ አልጠየቀም።

ዱብዱብ እስኪድን ድረስ መስኩ ተዘግቶ ቆየ። ቁስሉ ደርቆ፣ ሣሩም እንደገና አድጎ፣ አያ አንበሶ ጨዋታ ሲጠሩ የመጣው ልጅ ጥቂት ነበር፤ እናቶች ገና ከድንጋጤያቸው አልወጡም። ቆርጥም መጣ፤ ዱላ ግን አልያዘም። ከሜዳው ዳር፣ ማንም ከማይቀመጥበት ቦታ ተቀመጠ። ዱብዱብ ከእናቱ ጋር ሲመጣ አይቶ ሊሄድ ተነሣ።

«የት ትሄዳለህ?» አለው ዱብዱብ። «ዱላህስ?»

«አልይዝም።»

«ለምን?»

«እጄን እፈራዋለሁ» አለ ቆርጥም።

ዱብዱብ ትንሽ አሰበ። «እኔ ደግሞ ግራዬን እፈራዋለሁ» አለ። «በቀኝ የሚመጣውን አያለሁ። በግራ የሚመጣው ግን ድንገት ነው፤ ቅጠል እንኳ ሲነካኝ እዘላለሁ። መጫወት እፈልጋለሁ፤ ግን እፈራለሁ።»

 እመት አህይት ልጃቸውን አዩት። ጅቡን አዩት። አገጩ ላይ የኮቴያቸው ምልክት አለ።

«ስማኝ» አሉት ቆርጥምን። «ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም። ገና ነኝ። ሌሊት ስነቃ አሁንም አንተ ነህ የምትታየኝ። ግን ከልጄ ግራ የሚቆም ያስፈልጋል፤ ዱላ የማይዝ፣ ሩሯን የማይፈልግ፣ የሚመጣውን ብቻ እያየ የሚነግረው። ትቆማለህ?»

ቆርጥም የሰማውን አላመነም። ከዓለም ሁሉ ይልቅ ከልጃቸው ሊያርቁት የሚገባው እሱን ነው፤ እሳቸው ግን ልጃቸው ማየት በማይችልበት ጎን ሊያቆሙት ነው። 

«እኔን? በግራው በኩል?»

«አንተን።»

ሄዶ ቆመ። ጨዋታው ተጀመረ። ጅቡ ከውርንጭላው ጎን ለጎን፣ ምላሱ እስኪወጣ እየሮጠ፣ «ሚዳቋዋ በግራህ መጣች! ዝቅ በል! አሁን ነጻ ነው፣ ሂድ!» እያለ ጮኸ። ድምፁ አስቀያሚ ነበር፤ የጅብ ድምፅ መቼ ያምራል? ዱብዱብ ግን ጆሮዎቹን ቀጥ አድርጎ ሰማውና ሮጠ። ዳር የቆሙት እናቶች አዩ። ማመን አቃታቸው። አንዷ ቀስ ብላ የልጇን እጅ ለቀቀች።

ከዚህ የምንማረው፣ ጨዋታ ጨዋታ የሚሆነው ሁሉም በሰላም ገብቶ በክብር ሲወጣ ብቻ እንደሆነና፣ «ወደቅኩ» የሚለውን ሰምቶ ዱላውን የማያወርድ ተጫዋች፣ ከኋላ ሆኖ የሚያነሣሣ ጓደኛ፣ እያየም የሚስቅ ዳኛ ሁሉም የአንድ ጉዳት ባለቤቶች እንደሆኑ ነው።